ሥዕሉ ራሱ ሲሠራ፦ በካሬ ደብተር ላይ የሚሣል ሰርኪት
በኢሉባቦር፣ በዳሪሙ ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር



ከአንዲት አምፖል ልጀምር። ደረጃ ወይም ረጅም ኮሪደር ባለበት ቤት ሁለት ማብሪያ ያላት አምፖል አይታችሁ ይሆናል። አንዱ ማብሪያ ከታች ነው፣ ሌላው ከላይ። ከታች አብርታችሁ ትወጣላችሁ፤ ላይ ስትደርሱ ታጠፋላችሁ። ጠዋት የሚወርደው ሰው ደግሞ ከላይ ያበራትና ከታች ያጠፋታል። አንደኛው ማብሪያ ብቻ ሲነካ አምፖሏ ትበራለች፤ ሁለቱም ሲነኩ ትጠፋለች። የኮምፒውተር ባለሙያዎች ይህን ግንኙነት ኤክስ ኦር ይሉታል። እኔ ዛሬ «አንዱ ብቻ» እያልኩ እጠራዋለሁ፤ ሥራውን ስሙ ላይ ማየት ይቀላልና። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ሲመጣ እሺ ይላል። ሁለቱም ከመጡ፣ ወይም ሁለቱም ከቀሩ፣ እምቢ ይላል።

ዛሬ የመጣሁት ይህንኑ «አንዱ ብቻ» ያለ ሽቦና ያለ መብራት፣ ከተማሪ ደብተር በተቀደደ አንድ ገጽ ላይ ላሠራው ነው። ላሠራው ስል በቁሙ ነው። ሰርኪቱን የሚያስረዳ ሥዕል ሁላችንም በመጽሐፍ አይተናል። እኔ የምላችሁ ግን ሥዕሉ ራሱ ሰርኪት ስለሚሆንበት መንገድ ነው፤ ከአንድ ጫፍ መልእክት ስታስገቡበት ከሌላው ጫፍ መልሱን ስለሚሰጥ ሥዕል።

ይህን ጉዳይ ለምን እንደያዝኩት ልንገራችሁ። እኔ ሎጂክ ጌት፣ ማለትም እንደ «አንዱ ብቻ» ያለውን የሎጂክ በር፣ የተማርኩት በጠመኔ ነው። መምህራችን ጥሩ ሰው ነበሩ፤ ሰንጠረዡን በሰሌዳው ላይ ይጽፉልናል፦ ዜሮ ዜሮ ዜሮ፣ ዜሮ አንድ አንድ፣ አንድ ዜሮ አንድ፣ አንድ አንድ ዜሮ። እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ ሸመደድነው። ፈተናውን አለፍን። በትምህርት ቤቱ ግን አንድም ቺፕ፣ አንድም የሰርኪት ሰሌዳ ስላልነበረ ያ ሠንጠረዥ ከየት እንደመጣ፣ በውስጡ ምን እንደሚንቀሳቀስ ሳላውቅ ዓመታት አለፉ። ዛሬም በየገጠሩ ከተማ እንደ እኔ የሚሸመድድ ልጅ ብዙ መሆኑን አውቃለሁ፤ ይቆጨኛል። ምክንያቱም ያን ዕቃ የሚተካ ነገር በእያንዳንዱ ልጅ ቦርሳ ውስጥ ነበረ፤ ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር።

አስቀድሜ ስለ ሐሳቡ አመጣጥ በአጭሩ ልበል። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጆርጅ ቡል የተባለ እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ በ1854 ባሳተመው መጽሐፍ «እውነት» እና «ሐሰት» የሚሉ ፍርዶችን በ1 እና በ0 ተክቶ ማስላት እንደሚቻል አሳየ። መጽሐፉ ለረጅም ጊዜ የፈላስፎች ጉዳይ ሆኖ ቆየ። በ1937 ክሎድ ሻነን የተባለ የ21 ዓመት ወጣት በአሜሪካው ኤም አይ ቲ ባቀረበው የማስተርስ ጽሑፍ፣ የቡል ሒሳብና በስልክ ማዕከል ውስጥ ቀጭ ቀጭ የሚሉት የኤሌክትሪክ ማብሪያዎች አንድ ነገር መሆናቸውን አሳየ። የተከፈተ ማብሪያ 0 ነው፤ የተዘጋ ማብሪያ 1 ነው። ሁለት ማብሪያ በተከታታይ ብታስሩ «ሁለቱም»፣ ጎን ለጎን ብታስሩ «ወይም» ይሆናል። በኪሳችሁ ያለው ስልክ ከዚያ ሐሳብ ነው የተወለደው።

አሁን ወደ ሥዕሉ። በስልካችሁ ያለን ፎቶ በጣም ብታጎሉት ትናንሽ ካሬዎች ሆኖ ይታያችኋል። እያንዳንዱ ካሬ ፒክስል ይባላል፤ አንድ ፒክስል አንድ ቀለም ብቻ ነው የሚይዘው። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የነጠላ ጥበብ የሚሠራ ሸማኔ ክሩን እየቆጠረ ነው ቅርጹን የሚያወጣው፤ ሦስት ክር ቀይ፣ ሁለት ክር ቢጫ፣ ከዚያ አንድ ዝለል። መስቀሉም አልማዙም በሸማኔው እጅ ውስጥ ቁጥር ነው። የካሬ ደብተር ገጽም እንዲሁ የፒክስል ሜዳ ነው፤ እኔ እያንዳንዱን ካሬ «ቤት» እላለሁ። አንድ ቤት በአራቱ ጎንና በአራቱ ማዕዘን ስምንት ጎረቤት አለው። ጎረቤት፣ በኦሮምኛ ኦላ። ዛሬ የምናየው ነገር ሁሉ የሚሠራው በጎረቤት ነው፤ አንድም ቤት ከስምንቱ ጎረቤቶቹ አልፎ የሚያየው የለም።

ብራያን ሲልቨርማን የተባለ ሰው በ1987 አንድ ሕግ አወጣ፤ ስሙ ዋየርወርልድ ነው፣ የሽቦ ዓለም። በጥር 1990 ሳይንቲፊክ አሜሪካን የተባለው መጽሔት ስለጻፈበት በብዙ ሰው ዘንድ ታወቀ። ከእሱ በፊትም በካሬ ሜዳ ላይ የሚኖሩ ዓለማት ነበሩ፤ ጆን ፎን ኖይማን ለእያንዳንዱ ቤት 29 ዓይነት ሁኔታ የሰጠበት አለ፣ በ1970 የታወቀው የጆን ኮንዌይ «የሕይወት ጨዋታ»ም አለ። የሲልቨርማን ግን ለሰርኪት ተብሎ የተሰፋ ነው። አራት ሁኔታ ብቻ ነው ያለው። ቤቱ ባዶ ሊሆን ይችላል፣ ሽቦ ሊሆን ይችላል፣ የመልእክት ራስ ሊሆን ይችላል፣ የመልእክት ጅራት ሊሆን ይችላል።

ሕጉ እንዲህ ነው። ባዶ ምንጊዜም ባዶ ነው። ራስ የነበረ በሚቀጥለው እርምጃ ጅራት ይሆናል። ጅራት የነበረ ተመልሶ ሽቦ ይሆናል። ሽቦ የሆነ ቤት ስምንቱን ጎረቤቶቹን ይቆጥራል፤ ከመካከላቸው አንዱ ወይም ሁለቱ ራስ ከሆኑ እሱም ራስ ይሆናል። አንድም ከሌለ ዝም ይላል። ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑም ዝም ይላል። አለቀ፤ ሌላ ሕግ የለም። በእያንዳንዱ እርምጃ ገጹ ላይ ያሉት ቤቶች ሁሉ ባንድ ጊዜ ይለወጣሉ።

ጅራቱ ለምን አስፈለገ? ከኮረብታ ወደ ኮረብታ እየተጣሩ መልእክት የሚያስተላልፉ ሰዎችን አስቡ። የመጀመሪያው ይጣራል። ተጣርቶ ሲጨርስ ትንፋሹን ይሰበስባል። ያን ጊዜ ሁለተኛው ይጣራል። የመጀመሪያው የሁለተኛውን ጩኸት ይሰማል፣ ግን ትንፋሹን እየሰበሰበ ስለሆነ መልሶ አይጣራም። በዚህ ምክንያት ወሬው ወደፊት ብቻ ይሄዳል። ትንፋሽ የሚሰበስብበት ያ አንድ እርምጃ ባይኖር ኖሮ ሁለቱ ሰዎች እርስ በርስ ሲጣሩ ይውሉ ነበር፤ መልእክቱም የት እንዳለ ማንም አያውቅም ነበር። ጅራት ማለት ያ የትንፋሽ ጊዜ ነው።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያመጣሁት በቆሎና ቡና ነው። ሽቦውን በእርሳስ ታጠቁራላችሁ፤ ራስ የሆነው ቤት ላይ የበቆሎ ፍሬ፣ ጅራት የሆነው ላይ የቡና ፍሬ ታስቀምጣላችሁ። በቀጥታ መስመር ላይ በቆሎን ከፊት፣ ቡናን ከኋላ አድርጋችሁ ሕጉን ብትከተሉ ሁለቱ ፍሬዎች ተከታትለው በእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ቤት ይሄዳሉ። ይህን ሕፃንም ይሠራዋል። «አንዱ ብቻ» ግን ይህ ነው፤ ሰሌዳው ላይ የሣልኩትን እዩ፦

■■■■□□□□□□
□□□□■□□□□□
□□□■■■■□□□
□□□■□□■■■■
□□□■■■■□□□
□□□□■□□□□□
■■■■□□□□□□

ከግራ ሁለት ሽቦ ይገባል፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። በመካከል አሥር ቤት ያለው ቀለበት አለ፤ ሆዱ ሁለት ባዶ ቤት ነው። በቀኝ የሚወጣው ሽቦ መልሱ ነው።

መጀመሪያ ከላይ ብቻ መልእክት እንላክ። በቆሎው ከቀለበቱ በላይ ያለችው ብቸኛ ቤት ላይ ደረሰ እንበል። በሚቀጥለው እርምጃ ከእግሯ ሥር ያሉት ሦስት ቤቶች፣ ማለትም የቀለበቱ የላይኛው ረድፍ የመጀመሪያዎቹ ሦስት፣ ሁሉም አንድ ራስ ስላዩ ባንድነት ራስ ይሆናሉ። ሦስት በቆሎ አደረግን። ከዚያ የላይኛው የቀኝ ማዕዘንና ከሥሩ ያለው የመካከል ቤት እያንዳንዳቸው አንድ ራስ ያያሉ፤ ራስ ይሆናሉ። በግራ በኩል ያለው የመካከል ቤትም ሁለት ስላየ ራስ ይሆናል። አሁን የመውጫዋን የመጀመሪያ ቤት ጠይቋት፤ ስንት ራስ ታያለች? ከላይ ማዕዘኑን፣ ከጎኗ የመካከሉን፤ ሁለት ነው። ሁለት ከሆነ ትበራለች። መልእክቱ ወጣ።

በዚያው እርምጃ የታችኛው ረድፍ ሦስቱ የግራ ቤቶችም ራስ ይሆናሉ፤ መልእክቱ ቀለበቱን ዞሮ ወደ ታች ወርዷል ማለት ነው። ታዲያ በታችኛው መግቢያ ወደ ኋላ ሾልኮ አይወጣም? ከቀለበቱ ሥር ያለችው ቤት ሦስቱንም ታያለች። ሦስት ከሆነ ዝም ነው። በሩ ተዘጋባት። በዚያች «ሦስት ከሆነ ዝም» በምትለው ትንሽ ሕግ ውስጥ ስንት ነገር እንደተሸሸገ መጀመሪያ የገባኝ እዚህ ቦታ ላይ ነው፤ ሌሊት፣ በቡና ፍሬ፣ በአንድ ገጽ ላይ።

አሁን ከላይም ከታችም እኩል እንላክ። በአንድ እርምጃ ከላይ ሦስት፣ ከታች ሦስት ቤት ይበራል። በግራ ያለው የመካከል ቤት አራት ራስ ስላየ ዝም አለ። በቀኝ ግን የላይኛው ማዕዘን፣ የመካከሉና የታችኛው ማዕዘን ሦስቱም በሩ። መውጫዋ አሁን ሦስት ታያለች። ስለዚህ ዝም። ሁለቱም ሲመጡ መልሱ እምቢ ሆነ። ደረጃው ላይ ያለችው አምፖል ይህችው ናት፤ እኔ በልጅነቴ የሸመደድኩት «አንድ አንድ ዜሮ»ም ይኸው ነው። ያን መስመር ማንም መሸምደድ አያስፈልገውም፤ ቆጥሮ ይደርስበታል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አንድ ሰው ይህን ሲሞክር ሁለቱ መግቢያዎች እኩል ካልረዘሙ ምን እንደሚሆን ልብ ይበል። የላይኛው ሽቦ ከታችኛው በአምስት ቤት ቢረዝም፣ የታችኛው መልእክት ቀድሞ ይደርሳል፣ ብቻውን መጣ ተብሎ ይወጣል፤ አምስት እርምጃ ቆይቶ የላይኛውም ብቻውን መጣ ተብሎ ይወጣል። አንድ እምቢ መሆን የነበረበት ሁለት እሺ ሆነ። ሥዕሉ ትክክል ነው፣ ሕጉም ትክክል ነው፤ መልሱ ግን ተሳሳተ። ተማሪ ይህን ሲያይ መጀመሪያ ይበሳጫል። እኔ ግን ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም የእውነተኛ ቺፕ መሐንዲስ ከሚታገላቸው ነገሮች አንዱን በዓይኑ አየ ማለት ነው። ብርሃን እንኳ በሴኮንድ አንድ ቢሊዮንኛ ውስጥ የሚሄደው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በዚያች ቅጽበት ብዙ እርምጃ በሚራመድ ቺፕ ውስጥ የሽቦ ርዝመት ጊዜ ነው። መሐንዲሶቹ የአንዳንዱን ሽቦ ርዝመት ሆን ብለው በማጠማዘዝ ከሌላው ጋር ያስተካክሉታል። ሰንጠረዥ የሸመደደ ልጅ ይህን አያውቅም፣ ሰንጠረዥ ውስጥ ጊዜ የለምና። በበቆሎ የሠራ ልጅ ያውቃል።

አንድ በር ብቻውን ምን ይሠራል ትሉኝ ይሆናል። ወደ ቡናችን እንምጣ። ቡና ነጋዴ የሆነ ሁሉ እንደሚያውቀው አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። 13 ፈረሱላ ስንት ኪሎ ነው? በውጭ አገር የሒሳብ መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ማባዛት» የሚባል ዘዴ አለ፤ «የሩሲያ ገበሬ ማባዛት»ም ይሉታል፣ ጥንታዊ ግብፃውያንም የሚቀራረብ ዘዴ ነበራቸው። በአንድ በኩል 13ን ትገምሳላችሁ፣ ትርፉን ትጥላላችሁ፦ 13፣ 6፣ 3፣ 1። በሌላ በኩል 17ን ታጥፋላችሁ፦ 17፣ 34፣ 68፣ 136። ከዚያ በግምሱ በኩል ለሁለት እኩል የማይከፈል ቁጥር ያለበትን መስመር ብቻ ትወስዳላችሁ። 13 አይከፈልም፣ 17ን ያዙ። 6 ይከፈላል፣ 34ን ተዉ። 3 አይከፈልም፣ 68ን ያዙ። 1ም እንዲሁ፣ 136ን ያዙ። 17 እና 68 እና 136 ሲደመሩ 221። 13 ፈረሱላ 221 ኪሎ ነው።

ይህ የምታውቁት ከሆነ፣ ኮምፒውተር ሲያባዛ በውስጡ የሚደረገውን ታውቃላችሁ ማለት ነው። የማይከፈለውን 1፣ የሚከፈለውን 0 ብላችሁ ከታች ወደ ላይ ብታነቡት 1101 ይሆናል፤ ያ 13 ነው በኮምፒውተር ቋንቋ ሲጻፍ። በዚያ ጽሕፈት ማጠፍ ማለት ቁጥሩን አንድ ቤት ወደ ግራ ማሻገር ነው፤ ሽቦውን አንድ ረድፍ አሻግሮ ከማሰር ሌላ ሥራ የለውም። የቀረው መደመር ነው። መደመር ደግሞ 1 እና 0 ሲሆን 1፣ 1 እና 1 ሲሆን «0 ጻፍ፣ 1 ያዝ» ነው። የሚጻፈውን የሚሰጠው የአሁኑ «አንዱ ብቻ» ነው። የሚያዘውን የሚሰጠው «ሁለቱም» ነው። ሁለቱን በር አጣምራችሁ ደጋግማችሁ ብትደረድሩ የቡና ሚዛን ሒሳብ የሚሠራ ሥዕል አላችሁ።

ይህን እስከ መጨረሻው የገፉት ሰዎች አሉ። ዴቪድ ሙርና ማርክ ኦዌን ከሌሎች ጋር ሆነው በ2004 በሽቦ ዓለም ሕግ ብቻ አንድ ሙሉ ኮምፒውተር ሣሉ። ብቸኛ ቁጥሮችን፣ ከአንድና ከራሳቸው በቀር የሚያካፍላቸው የሌላቸውን እነ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11ን፣ እየፈለገ በሥዕሉ ላይ በተሣለ መስኮት ያሳያል። ማስታወሻ አለው፣ ትእዛዝ ያነባል፣ ይደምራል። ከውስጡ ማንኛዋንም ቤት ብትጠይቋት ግን የምታውቀው ስምንት ጎረቤቶቿን ብቻ ነው። ብቸኛ ቁጥር ምን እንደሆነ የምታውቅ ቤት የለችም።

እስካሁን ያየነው አንዱ መንገድ ነው። ሌላም መንገድ አለ፤ ፍጥነት ለሚፈልግ የተሻለው እሱ ነው። በዚህኛው መልእክቱ ቤት ለቤት አይሄድም። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ሥዕሉን ያነባል። አንድ ጥቁር ፒክስል ያገኛል፤ «ጎረቤትህ ጥቁር ነው?» ይላል። አዎ ከሆነ፣ የዚያንም ጎረቤት ይጠይቃል፣ የዚያንም ጎረቤት። የተነካኩት ሁሉ የአንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ሁሉም አንድ ስም ይሰጣቸዋል። ሺህ ፒክስል የሚረዝም ሽቦ ከዚያ በኋላ ለፕሮግራሙ አንድ ነገር ነው፤ ወይ በርቷል ወይ ጠፍቷል፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ባንዴ። በሮቹን ደግሞ በቅርጻቸው ያውቃቸዋል። ሠዓሊውና ፕሮግራሙ አስቀድመው በተስማሙበት መልክ የተቀመጡ ጥቂት ፒክስሎች ሲያይ «ይህ ተቃራኒ በር ነው» ይላል፤ የመጣለትን የሚገለብጥ፣ 1ን 0፣ 0ን 1 የሚያደርግ። ከዚያ ወዲያ ሥዕሉን አያነብም። በየእርምጃው የሚያየው የተለወጠውን ሽቦና ያ ሽቦ የሚነካቸውን በሮች ብቻ ነው። ሌላው ተኝቶ ይቆያል።

በዚህ መንገድ ትልቁ ጣጣ መንገድ መሻገር ነው። ወረቀት ጠፍጣፋ ነው። ሁለት ሽቦ ሲቋረጥ ከተነካኩ አንድ ቤተሰብ ሆኑ፣ ሁለት የነበረው መልእክት ተደባለቀ። አንዳንዶቹ ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት መላ ቀላልና ቆንጆ ነው፤ የመስቀለኛውን መካከል አንድ ፒክስል ባዶ መተው። ፕሮግራሙ ባዶ ነጥብ ዙሪያ አራት ክንድ ሲያይ የግራውን ከቀኙ፣ የላዩን ከታቹ ያጋባና ያልፋል። በሽቦ ዓለም ይህን ማድረግ አይቻልም፤ እዚያ መሻገሪያውን የሚሠሩት ሦስት «አንዱ ብቻ» በሮች ናቸው። የመጀመሪያው ሁለቱን መልእክቶች ያጣምራል፤ የቀሩት ሁለቱ ከድብልቁ አንደኛውን መልእክት እየቀነሱ ሌላውን ያወጣሉ፤ የላዩ በታች፣ የታቹ በላይ ይወጣል። እኔ ሁለተኛውን መላ አብልጬ እወዳለሁ። ባዶው ነጥብ ስምምነት ነው፤ ሦስቱ በሮች ግን ስምምነት ሳያስፈልጋቸው ራሳቸው ይደርሱበታል።

ተቃራኒ በር በእጃችሁ ካለ ሁለት አስገራሚ ነገር ትሠራላችሁ። መውጫውን ወደ ራሱ መግቢያ ብትመልሱት፣ 1 ሲሆን 0 ይሆናል፣ 0 ሲሆን 1 ይሆናል፤ ማረፊያ የለውም፣ ይብለጨለጫል። ያ የኮምፒውተሩ የልብ ምት ሊሆን ይችላል። ሁለት ተቃራኒ በሮችን ደግሞ አንዱ የሌላውን እንዲሰማ አድርጋችሁ ብታስሩ፣ አንዱ 1 ሲል ሌላውን ዝም ያሰኛል፤ የሌላው ዝምታ ደግሞ ለመጀመሪያው 1 ለማለት ፈቃድ ነው። ማንም ካልነካቸው እንደያዙ ይቀራሉ። ሌላ ሽቦ መጥቶ አንዱን ቢያስገድደው ይገለበጣሉ፤ አስገዳጁ ከሄደም በኋላ በአዲሱ እንደያዙ ይቀራሉ። ትዝታ ማለት ይህ ነው። በውስጡ ምንም የተጻፈ ነገር የለም፤ ሁለት ጎረቤቶች ተያይዘው ቆመዋል። መብራት ሲጠፋ ግን የሚያቆማቸው ስለሚያጡ የያዙት ይጠፋል።

አሁን ይህን ሁሉ የሚያስረው ወሬ ልንገራችሁ። በ1975 ሞስ ቴክኖሎጂ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ 6502 የሚባል ፕሮሰሰር፣ ማለትም የኮምፒውተር አንጎል የሚሆን ቺፕ፣ አወጣ፤ ዋጋው 25 ዶላር ነበር፤ በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ ብዙ እጥፍ ነበር የሚሸጠው። በ1977 የወጣው አፕል 2 ኮምፒውተር የሠራው በእሱ ነው፤ በኋላም የቅርብ ዘመዶቹ በኮሞዶር ኮምፒውተርና በኒንቴንዶ መጫወቻ ውስጥ ገቡ። የቺፑን ንድፍ ሰዎች በእጃቸው ነበር የሣሉት፤ በትልቅ ወረቀት ላይ፣ በእርሳስና በማስመሪያ። ያ ሥዕል አንሶ አንሶ ከጥፍር በሚያንስ ሲሊከን ላይ ታተመ።

ከሠላሳ አራት ዓመት በኋላ፣ በ2009፣ ግሬግ ጄምስ፣ ባሪ ሲልቨርማንና ብራያን ሲልቨርማን አንድ አሮጌ 6502 ወስደው ሽፋኑን ገፈፉ። በማይክሮስኮፕ ፎቶ አነሱት። በፎቶው ላይ የሚታየውን እያንዳንዱን ሽቦና እያንዳንዱን ማብሪያ ዱካውን ተከትለው ሣሉ፤ ማብሪያ ሆነው የሚከፈቱና የሚዘጉት ትራንዚስተሮች 3,510 ናቸው። የተነካካውን እንደ አንድ ሽቦ ቆጠሩ፣ አንድ የተወሰነ ዓይነት ሽቦ ሌላ የተወሰነ ዓይነት ሽቦን የሚያቋርጥበትን ቅርጽ ማብሪያ አሉት፤ አሁን እንደነገርኳችሁ። ከዚያ ፎቶውን አስነሱት። ሠራ። ፕሮግራም ሲሰጡት የዱሮው ቺፕ ያደርገው የነበረውን አደረገ፤ ሽቦዎቹ እየበሩና እየጠፉ በስክሪን ላይ ይታያሉ። ስሙን ልብ ብላችኋል? ብራያን ሲልቨርማን፤ በ1987 አራት ሁኔታ ያለውን የሽቦ ዓለም ያወጣው ሰው ነው። በወጣትነቱ ሥዕልን ሰርኪት አደረገ፤ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ሰርኪትን ወደ ሥዕል መልሶ እንደገና አሠራው።

መምህራን ይህን ይዘው ወደ ክፍል እንዲገቡ እለምናለሁ፤ ልኩንም አብሬ ልናገር። ሥዕል አይሞቅም። ሥዕል ውስጥ የላላ ቋጠሮ የለም፣ በዝናብ የራሰ ግድግዳ የለም፣ በረጅም ሽቦ ላይ የሚደክም ኃይል የለም። ከሶር ወንዝ ኃይል ማመንጫ የሚወጣ መብራት የሚሸከመውን ጣጣ በቆሎና ቡና አይሸከሙትም። ስለዚህ ካሬ ደብተር ላይ «አንዱ ብቻ»ን የሠራ ልጅ ነገ የቤቱን ማብሪያ ልፍታ እንዳይል፤ ያ ሰው የሚገድል ሌላ ትምህርት ነው፣ ኤሌክትሪሲያን ሊያስተምረው ይገባል። ቺፕ፣ የሰርኪት ሰሌዳ፣ መለኪያ አሁንም ለትምህርት ቤቶቻችን ያስፈልጋሉ፤ ደብተር አለ ተብሎ የሚቀር ነገር አይደለም። እነዚያ እስኪመጡ ግን ልጁ እጁን አጣጥፎ ሰንጠረዥ እንዲሸመድድ አልፈልግም። ዕቃው በመጣ ቀንም ምን እንደሚጠይቀው አውቆ ይጠብቀዋል።

የመጨረሻ ሥዕል ልተውላችሁ። ከ«አንዱ ብቻ» ያንሳል፦

□□□■■□□□
■■■■□■■■
□□□■■□□□

ከግራ የሚመጣ ሽቦ ሦስት ቤት ከፍታ ያለው ዓምድ ላይ ይደርሳል። ከአጠገቡ ሌላ ዓምድ አለ፤ የዚህኛው መካከል ግን ባዶ ነው። ከዚያ ሽቦው ይቀጥላል። መጀመሪያ መልእክት ከግራ ላኩበት፣ በቆሎው ከፊት፣ ቡናው ከኋላ። ቀጥሎ ገጹን አጽዱና ከቀኝ ላኩበት። አንደኛው ያልፋል፣ ሌላኛው ይቀራል። የትኛው እንደሆነ አልነግራችሁም፤ የቀረው የትኛዋ ቤት ላይ ደርሶ፣ ስንት ራስ ቆጥራ ዝም ስላለች እንደሆነ ተማሪዎቹ መጥተው እንዲያሳዩኝ እፈልጋለሁ። በቆሎውና ቡናው ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ደብተሩም አለ። ከፊት ያላችሁ ልጆች፣ ኑ።